የአሰላ ጓሮ ክፍሎች

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ብቻውን የሚኖር ደመወዝተኛ እዚህ የለመደው ቤት ከአከራዩ ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ናት፦ ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ የጋራ ቧንቧ፣ የጋራ ሽንት ቤት። ክረምት ሲገባ በየደጃፉ በጭቃ የተለወሰ ቦቲ ጫማ ይደረደራል።

ተከራይ በብዛት የመጣው በ1960 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን ሲያቋቁሙ ነው። የእርሻ ባለሙያው፣ የእንስሳት ሐኪሙና ጸሐፊው ሁሉ ማደሪያ ፈለጉ። ብዙም ሳይቆይ ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራይም ቀነሰ። የረከሰው ቤት ግን ጠጋኝ አጣ፤ ተከራዩም ከያዘው ንቅንቅ አይልም ነበር።

በ1970ዎቹ የከተማዋ ብቅል ፋብሪካ፣ በኋላም አርሲ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ተከራይ አመጡ። ጋሪና ባጃጅ ቢኖርም ገበያም ሆነ መሥሪያ ቤት በእግር ይደረሳል፤ ዳገቱ ግን ለእንግዳ አይራራም። ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ የነበረው በዚሁ አካባቢ ነው። ከጓሮ ክፍሏ ደጃፍ የሚታየው አረንጓዴ የአጥሩ ባሕር ዛፍና ከከተማው ጫፍ የሚጀምረው የስንዴና የገብስ ማሳ ነው።