የቡታጋዝ ምጣድ በደጋ ግቢ፦ ከመግዛት በፊትና በኋላ ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

በደጎሎ፣ በመካነ ሰላምና በአካባቢያቸው ባሉ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ቀበሌዎች እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ከሩቅ ይታወቃል፤ ጭሱ ከማድቤቱ ክዳን ሥር እየተትጎለጎለ ይወጣል። ከምጣዱ ሥር ኩበት፣ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይማገዳል። ጋጋሪዋ እሳቱን በአንድ እጇ ስታስተካክል በጀርባዋ የታዘለው ሕፃን ጭሱን አብሯት ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ በሚፈጠር ጭስ ሳቢያ በዓለም ዙሪያ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን እንዳጡ ገምቷል። የሚነደው ኩበትም ማሳ ላይ ቢበተን ኖሮ ለአፈሩ ማዳበሪያ የሚሆን ነበር።

ከዚህ ጭስ ለመላቀቅ ከሚታሰቡት መንገዶች አንዱ በግቢ ውስጥ የሚቀመጥ የቡታጋዝ ምጣድ ነው። እዚህ ላይ ጋዝ ሲባል ለኩራዝና ለቡታ ምድጃ የሚውለው ነጭ ጋዝ ሳይሆን በሲሊንደር ታሽጎ የሚሸጠው ቡታጋዝ ነው። ምጣዱ በአግባቡ ከተመረጠና ከተያዘ ጭስ አልባ፣ ፈጣንና ንጹሕ ነው፤ ያለዕውቀት ከተያዘ ግን ከእንጨቱ እሳት የባሰ አደጋ ያስከትላል። ልዩነቱ ያለው ከምጣዱ ዋጋ ይልቅ በገዢው ጥንቃቄ ላይ ነው።

አማራጮቹ ጎን ለጎን

የኤሌክትሪክ ምጣድ በከተሞቻችን የተለመደ ነው። አብዛኛው ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ገደማ ይስባል። ይህም በ220 ቮልት መስመር ላይ ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ስለዚህ ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም ሽቦና ተመጣጣኝ ቆጣሪ ይፈልጋል፤ ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ መሰካት ቤት ያቃጥላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ሊጡ ኩፍ ብሎ ሳለ ምጣዱ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሀገራችን የተሠራው ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ አሸዋ በሚዘጋጁ ተገጣጣሚ ክፍሎች ምጣዱን ዙሪያውን የሚያቅፍ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል፤ ጭሱን ግን ፈጽሞ አያስቀርም። በ2008 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከታቀፉት የመጀመሪያዎቹ ክልሎች አንዱ አማራ ነበር። ከከብት እበት የሚገኘው ባዮጋዝ ለወጥና ለቡና ቢመችም፣ ሰፊውን የእንጀራ ምጣድ ለማጋል የሚበቃ እሳት ማግኘት አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል።

የቡታጋዝ ምጣድ መብራት ሲጠፋ አይቋረጥም፣ ጭስም የለውም። ደካማ ጎኑ ጋዙ ባለቀ ጊዜ የሚሞላበት ቦታ መፈለጉ ነው። በመሆኑም ከምጣዱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ «ሲሊንደሩ የት ይሞላል? በስንት ጊዜስ ይመጣል?» የሚለው ነው። አስተማማኝ መልስ ካልተገኘ ምርጥ ምድጃ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ የተሻለ ምርጫ ይሆናል። መልስ ከተገኘም እንኳ ነባሩን ምድጃ በመጠባበቂያነት ማቆየት ብልህነት ነው።

የምጣዱ ፊት፦ ሸክላ ወይስ ብረት?

ሸክላ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ቀስ ብሎም ይለቃል። ሊጥ ሲፈስበት ድንገት አይቀዘቅዝም፤ የእንጀራውም ዓይን ያማረ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሸክላ ሙቀትን ወደ ጎን አያዳርስም፤ እሳቱ ከመሐሉ ሥር ብቻ ካለ መሐሉ ሲያር ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ድንገተኛ ሙቀትም ይሰነጥቀዋል።

ብረት በአንጻሩ ሙቀትን ከሸክላ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ያስተላልፋል። ለቂጣ፣ ለቆሎ፣ ለጠላ አሻሮ፣ ለጥብስና ለእንቁላል ይመቻል። በሰሜን አሜሪካ ለጓሮ ተብለው የሚሠሩት ሰፋፊ ጠፍጣፋ የጋዝ ምጣዶች በአብዛኛው ከብረት የተሠሩ ናቸው። ለእንጀራ የሚመረጥ ከሆነ ግን ወፍራሙ ብረት ይሻላል፤ ስስ ብረት ሊጡ ሲያርፍበት ይቀዘቅዛል፣ ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ ይጎብጣል።

ሦስተኛው ዓይነት እንዳይጣበቅ ተደርጎ በጥቁር ሽፋን የተቀባው ምጣድ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ሙቀት ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በመሆኑ ሽፋኑ ይህን ይችላል። ከ260 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ሽፋኑ መበላሸትና ጎጂ ጢስ ማውጣት ይጀምራል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ምጣድ ባዶውን በሙሉ እሳት ላይ ጥዶ መሄድ አይገባም።

ከብርታቱ ይልቅ ስፋቱ

ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚያዩት የእሳቱን ብርታት ነው። ለምጣድ ግን ዋናው የእሳቱ ስፋት ነው። አንድ ቀለበት ብቻ ያለው የወጥ ምድጃ ላይ ሰፊ የሸክላ ምጣድ መጣድ ጋዝ ማባከን ነው። የሚመረጠው ሁለት ወይም ሦስት ተደራራቢ ቀለበት ያለው፣ የውጪኛው ቀለበት ወደ ምጣዱ ዳር የሚቀርብ፣ እያንዳንዱም በራሱ መክፈቻ የሚስተካከል ነው።

ይህን በሱቁ ደጃፍ መፈተን ይቻላል። ሻጩ ምጣዱን ለኩሶ እንዲያሞቀው ይጠየቅ፤ ከዚያ በመሐሉና በአራቱም ዳር ጥቂት ዱቄት ይነስነስ። ዱቄቱ በሁሉም ቦታ በተቀራራቢ ጊዜ ቡናማ ከሆነ እሳቱ ተዳርሷል። መሐሉ ጠቁሮ ዳሩ ነጭ ከሆነ ያ ምጣድ ለእንጀራ አይሆንም።

ከውጭ የመጣ ምጣድ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ለፕሮፔን ወይም ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ምድጃ የጋዝ መርጫ ቀዳዳው ስፋትና የሚፈልገው ግፊት ከእኛው ሲሊንደር ጋር ላይገጥም ይችላል። በተለይ ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራው ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ በቡታጋዝ ሲለኮስ ከልክ ያለፈ ነበልባል ያወጣል። ዘመድ የላከው ዕቃ ቢሆንም ባለሙያ ሳያየው መግጠም አይገባም።

የደጋው አየርና ብርድ

ደጎሎና መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በ2,600 ሜትር ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ጋዝ በደንብ የሚነደው በቂ አየር ሲያገኝ በመሆኑ፣ በቆላ ሰማያዊ ሆኖ የሚነድ ምድጃ በደጋ ወደ ቢጫ ሊያደላ ይችላል። ቢጫ ነበልባልና የምጣዱን ሥር የሚያጠቁር ጥላሸት ጋዙ በሙሉ አለመቃጠሉን ያሳያሉ። መፍትሔው የአየር መግቢያውን ማጽዳትና ማስፋት፣ ካልተስተካከለም ባለሙያ ማማከር ነው።

ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው። ቡታጋዝ በውስጡ ቡቴንና ፕሮፔን የተባሉ ጋዞች ይኖሩታል። ፕሮፔን እጅግ በቀዘቀዘ አየርም ወደ ጋዝነት ሲለወጥ፣ ቡቴን ግን ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ መትነን ያቆማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ማለዳ እሳቱ የሚደክመው ሲሊንደሩ ስላለቀ ሳይሆን ስለቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ፀሐይ ሞቅ እስክትል መጠበቅ ይበጃል። ሲሊንደሩን በእሳት ወይም በፍም ለማሞቅ መሞከር ግን ፍንዳታን መጥራት ነው።

ቦታው ደጅ ነው

ለደጅ የተሠራ የጋዝ ምጣድ ወደ ዝግ ክፍል መግባት የለበትም። በጎደለ አየር ውስጥ የሚነድ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ይህ መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማ እሳቱን ዘግቶ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ያስፈልጋል።

ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈተልክ ወደ ላይ ተኖ አይሄድም፤ መሬት ለመሬት ተጉዞ በጉድጓድ፣ በቦይና በዝቅተኛ ቦታ ይጠራቀማል። ስለዚህ ምጣዱ ደልዳላ መሬት ላይ፣ ከሣር ክዳን፣ ከአጥርና ከጭድ ክምር ርቆ ይቀመጥ። ለነፋስ መከላከያ ቆርቆሮ በጎን ማቆም ይቻላል፤ ሆኖም ሲሊንደሩን ከምጣዱ ጋር አብሮ የሚያፍን መሆን የለበትም። ሲሊንደሩ ምንጊዜም ቆሞ፣ ከእሳቱ ጎማው እስከፈቀደ ድረስ ርቆ፣ ልጆች ከማይጫወቱበት ጎን ይሁን።

በየመጋገሪያው ቀን ሊደረግ የሚገባው ፍተሻ ቀላል ነው። ሳሙና በውኃ በጥብጦ በሬጉሌተሩ፣ በጎማውና በመገጣጠሚያዎቹ ላይ መቀባት፤ አረፋ ከተነፋ ጋዝ እያፈተለከ ነው። ክብሪት ጭሮ መፈተሽ ፈጽሞ አይፈቀድም። የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ጎማ በፕላስተር አይጠገንም፤ ይቀየራል።

ማሟሸትና መጋገር

አዲስ የሸክላ ምጣድ እንደ ወትሮው መሟሸት አለበት። በትንሽ እሳት ቀስ በቀስ ይሞቃል፤ የተወቀጠ ጎመን ዘር እየተነሰነሰ ፊቱ እስኪለሰልስና እስኪጠቁር ድረስ በማሰሻ ይታሻል። የብረቱም ሥርዓት ተመሳሳይ ነው፦ ታጥቦና ደርቆ ስስ ዘይት ይቀባል፣ እስኪጠቁር ይሞቃል፣ ይህም ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል።

ለመለኮስ በቅድሚያ አክንባሎው ይነሳ፤ የሲሊንደሩ ቫልቭ ይከፈት፤ ከዚያ የምጣዱ መክፈቻ ተከፍቶ ወዲያው ይለኮስ። እምቢ ካለ ዘግቶ አምስት ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይገባል፤ የተጠራቀመ ጋዝ ላይ ክብሪት መጫር ፊት ያቃጥላል። የሸክላ ምጣድ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በአነስተኛ እሳት ከሞቀ በኋላ ይጨመርለት። የመጀመሪያዋ እንጀራ የምጣዱን ጠባይ ትናገራለች፦ ዓይኗ በመሐል ብቻ ከወጣ የውጪው ቀለበት ይጨመር፣ ሥሯ ካረረ እሳቱ ይቀነስ። ሊጡ ተዘጋጅቶ እንጀራው በተከታታይ መጋገር አለበት፤ ባዶ የሚግል ምጣድ ጋዝ ይበላል። በጋገራ ሰዓት የነጠላ ጫፍ ወደ ኋላ ይታሰር። ሲጨረስ አስቀድሞ የሲሊንደሩ ቫልቭ፣ ቀጥሎ የምጣዱ መክፈቻ ይዘጋል።

ጋዙ ስንት ቀን ይበቃል?

አንድ ኪሎ ግራም ቡታጋዝ 12 ነጥብ 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ምጣዱ በሙሉ እሳት 6 ኪሎዋት ቢሆን በሰዓት ግማሽ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጋዝ ይፈጃል። ስለዚህ 12 ነጥብ 5 ኪሎ ግራም የሚይዝ ሲሊንደር 26 ሰዓት ገደማ ይቆያል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት ለሚጋግር ቤተሰብ ይህ ስድስት ሳምንት ያህል ነው፤ እሳቱ ከተቀነሰ ደግሞ ይረዝማል። ይህን ስሌት ከማገዶና ከመብራት ወጪ ጋር ማነጻጸር የራስን ውሳኔ ያጠራል።

ሲሊንደር ሲገዛ መመዘን መብት ነው። ባዶ ክብደቱ በአንገቱ ወይም በአካሉ ላይ ተቀርጿል፤ ከሚዛኑ ላይ ይህ ሲቀነስ የሚቀረው የጋዙ ክብደት ነው።

አደጋ ሲያጋጥም

ቡታጋዝ እንዲታወቅ ተብሎ መጥፎ ሽታ ይጨመርበታል። ሽታው ከተሰማ ቫልቩን መዝጋት፣ በአካባቢው ያለ እሳትን ሁሉ ማጥፋት፣ ማብሪያ ማጥፊያ አለመንካት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ ሰዎችን ማራቅ ያስፈልጋል። ዘይት ከተቀጣጠለ ውኃ አይደፋበትም፤ ጋዙ ተዘግቶ በአክንባሎ ይታፈን። ሰው ከተቃጠለ የተቃጠለው አካል ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ይያዝ፤ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናም ሆነ የቡና ዱቄት አይቀባበት። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ፣ ወይም ፊት ወይም እጅ ላይ ከደረሰ፣ የተጎዳው ሰው በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

በአጭሩ፣ ጋዙ በቅርብ ለሚሞላለት፣ ክፍት ግቢ ላለውና ሳሙናውን በጥብጦ ለመፈተሽ ለማይሰለች ቤተሰብ የቡታጋዝ ምጣድ ጥሩ ምርጫ ነው። ከሦስቱ አንዱ ለጎደለው ግን ለጊዜው ምርጥ ምድጃውን አሻሽሎ፣ ማድቤቱን የጭስ መውጫ አበጅቶ መጠበቅ ይሻለዋል። ከጭስ ለመዳን ተብሎ የተገዛ ምጣድ ሌላ አደጋ ይዞ ወደ ቤት መግባት የለበትም።