ባል ሲማር ቤቱን ማን ያዘ?



ከሁለት ዓመት የጃፓን ቆይታ ተመልሼ ሥራ ስፈልግ፣ አንድ ቃለ መጠይቅ አድራጊ የሥራ ልምዴን ወረቀት አገላብጦ «በእነዚህ ሁለት ዓመታት ምን ይሠሩ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። «ባለቤቴ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲማር አብሬው ነበርኩ» አልኩት። «እሱማ የባለቤትዎ ነው፤ እርስዎ ምን ሠሩ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ወጪ ሆኖ ያልተመዘገበ ነገር ሲገጥመኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። የሌሎች ሴቶችን ታሪክ መፈለግ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ለትምህርት ብሎ ከቤት መውጣት ለአካባቢያችን አዲስ ነገር አይደለም። የደቡብ ጎንደሯ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ብቻውን ይሄዳል እንጂ ሚስትና ልጅ አያስከትልም። ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን ስንሄድ የምናገኛት የይፋግ ተወላጅ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 በርሊን ድረስ ሄደው የአገራችንን ቋንቋ አስተምረዋል። በእንዲህ ያለው ታሪክ የሚጻፈው ስለ ሊቁ ነው፤ ቤት ስለሚይዝ ሰው አይጻፍም።

ቤተሰብ ይዞ በሰው አገር የመማርን ኑሮ ያየሁት በዶክተር መላኩ በያን ታሪክ ነው። መላኩ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን አሜሪካ ሄደው ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ኦሃዮ ከተማሩ በኋላ ሕክምና ለማጥናት ዋሽንግተን ወደሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ገና ተማሪ ሳሉም እ.ኤ.አ. በ1931 ጥቁር አሜሪካዊቷን ዶሮቲ ሃድሌን አገቡ። ጊዜው ክፉ ነበር። አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ተመትታ ብዙ ሰው ሥራ ፈት ሆኗል፤ በዋሽንግተን የጥቁርና የነጭ ልጆች የሚማሩት በተለያየ ትምህርት ቤት ነበር። ዶሮቲ ጎጆ የወጡት በዚህ ጊዜ፣ ቀንና ሌሊት መጽሐፍ ላይ ከሚያድር የሕክምና ተማሪ ጋር ነው።

መላኩ እ.ኤ.አ. በ1935 ተመርቀው ሚስታቸውንና ልጃቸውን ይዘው አገራቸው ገቡ። ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆዩ፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ወረረ። ከዘመቻው በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለኢትዮጵያ ድጋፍ እንዲያሰባስቡ ወደ አሜሪካ ላኳቸው። በነሐሴ 1929 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ሲቋቋምና «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለው ጋዜጣ ሲታተም ዶሮቲ ከባላቸው ጎን ሆነው ይሠሩ ነበር። መላኩ በሚያዝያ 1932 ዓ.ም. በ40 ዓመታቸው በሳንባ ምች አረፉ። የእሳቸው ስም በብዙ መጽሐፍ ይገኛል፤ የዶሮቲ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ባለቤታቸው» ተብሎ በአንድ መስመር ያልፋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ባለትዳር ተማሪ በብዛት መቀበል ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው ሕግ ከጦር ሜዳ የተመለሱት ወታደሮች በመንግሥት ወጪ እንዲማሩ ስለፈቀደ፣ ሚስትና ሕፃን ይዘው መጡ፤ ለእነሱም የባለትዳር መኖሪያ ተሠራ። ሚስቶቹ በጽሕፈት፣ በመምህርነት፣ በሱቅ ሽያጭ ተቀጥረው ቤቱን ያስተዳድሩ ነበር። በምረቃ ጊዜ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚስቶቹ «ባሏን ያስተማረች» የሚል የምስክር ወረቀት ይሰጡ ነበር። ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ምስጋና ነው። ግን የትኛው ቀጣሪ ነው ያንን ወረቀት የሥራ ልምድ ብሎ የሚቀበለው?

የእኛም አገር ከዚያ ዘመን ጋር ተገናኝቷል። በ1944 ዓ.ም. ከኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋር በተደረገው ስምምነት የዓለማያ ኮሌጅ ሲቋቋም አሜሪካውያን መምህራን ከነቤተሰባቸው ሐረርጌ መጥተው ኖሩ፤ ከእኛም ወጣቶች ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ኦክላሆማ ተላኩ። እነዚያ ምሁራን ተመልሰው የአገሪቱን ግብርና አስተማሩ፣ መረመሩ።

የሚስት ድካም በገንዘብ የተተመነበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 የኒው ዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ በመምህርነት ደመወዟ ባሏን ሕክምና ያስተማረች ሴት ስትፋታ፣ በጋብቻው ጊዜ የተገኘው የባል የሐኪምነት ፈቃድ የጋራ ንብረት ነው ብሎ ፈረደ። በኋላ በ2016 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ ይህን ቢለውጠውም፣ ሚስት ለባል ትምህርት ያደረገችው አስተዋፅኦ በንብረት ክፍፍሉ እንዲታሰብ አድርጓል። በእኛም የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመን በሥራቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው። ደመወዙ የጋራ ከሆነ፣ ደመወዙን ያመጣው ድካምም የጋራ መሆኑን ማወቅ ይገባናል።

ወደ እኛ ቀበሌ ልመለስ። ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሲሠሩ ነው። ዛሬ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ወረታ ናት። ስለዚህ ሩዝ ወደሚያበቅሉ አገሮች ሄዶ መማር ለከተማችን ሰው እንግዳ አይደለም። እኔም ጃፓን የደረስኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

የእኛ አበል ለአንድ ሰው የታሰበ ነበር፤ እኛ ግን ሦስት ነበርን። ከወሩ መጀመሪያ ኪራዩን፣ መብራቱን፣ የልጁን መዋያ አስቀድሜ እቆርጣለሁ፤ የተረፈው ለአስቤዛ ነው። ጤፍ ስለሌለ እዚህ እንደለመድነው የሩዝ ዱቄት እጠቀም ነበር፤ ከስንዴ ጋር ደባልቄ እንጀራ ስጋግር የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉ ተሰነጣጠቀብኝ። ቆሻሻ እንኳ የሚቃጠለውና የማይቃጠለው ተለይቶ በተመደበለት ቀን ይወጣል፤ ተሳስቼ ያወጣሁት ከረጢት ተመልሶ በር ላይ ሲጠብቀኝ አልቅሻለሁ። በኋላ በሕጉ መሠረት ፈቃድ አውጥቼ፣ በሳምንት ከ28 ሰዓት ሳላልፍ፣ ምግብ በሚያሽጉበት ቦታ ሠራሁ። አሜሪካ ቢሆን የተማሪ ቪዛ የያዘ ሰው ባለቤት ይህም አይፈቀድለትም። ባለቤቴ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲጨርስ እኔ ሁለት ደብተር የገቢና የወጪ መዝገብ ጨርሼ ነበር።

ከመካከላችሁ ባሏ የትምህርት ዕድል ያገኘ፣ ወይም ራሷ ለመሄድ የተዘጋጀች ትኖራለች። ሦስት ነገር እመክራለሁ። ከመነሳታችሁ በፊት የቪዛው ሕግ ለአጃቢ ባለቤት ሥራና ትምህርት መፍቀዱን ጠይቁ። የትምህርት ማስረጃችሁን አረጋግጣችሁ ያዙ፤ ቁጠባችሁንና የዕድር መዋጯችሁን የሚከፍል ሰው ወክላችሁ ሂዱ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሠራችሁትን በየወሩ ጻፉ። ለትምህርት የምትሄደው ሚስት ሆና ልጅ ይዞ የሚከተለው ባል ቢሆንም ምክሩ ያው ነው።

እኔ የሥራ ልምዴን እንደገና ጽፌዋለሁ። ባዶ በነበረው ቦታ «የቤተሰብ ሒሳብ አስተዳደር፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ ጃፓን» የሚል አስገብቻለሁ። ሁለቱ ደብተሮችም ቤቴ አሉ። በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችን ይዣቸው እመጣለሁ፤ የእናንተንም ይዛችሁ ኑ።