ዜና ሕሙማነ አእምሮ፤ ከአማኑኤል እስከ ራያ ቆላ

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ በራያ ሜዳ ማሽላ መካከል፣ ጎብዬ የምትባል ከተማ አለች። የዚህ አገር ሰው የደም ጠብ ሲነሣበት ዘወልድ የሚባል የዕርቅ ሥርዓት አለው። የአእምሮ ደዌ ሲያገኘው ግን ክርስቲያኑ ወደ ፀበል፣ እስላሙ ወደ ሸኆች ዱዓ ከመሄድ በቀር፣ የሕክምናው መንገድ ሁሉ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደሚገኘው ወደ አዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ያመራ ነበር። ስለዚህ የዚያን ቤት ነገርና ሕክምናው ወደ ሕዝቡ ደጅ የወረደበትን ታሪክ እንደ ዘመኑ ቅደም ተከተል እንጽፋለን።

በጣልያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው ይህ ሆስፒታል፣ ጠላት ድል ሆኖ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ መንበራቸው ከተመለሱ በኋላ የሕሙማነ አእምሮ መጠጊያ ሆነ። ለብዙ አሥርተ ዓመታትም በመላው ኢትዮጵያ አቻ ስላልነበረው፣ ከየአውራጃው የሚመጣው ሕመምተኛ ከቦታው ጥበትና ከሐኪሙ ማነስ የተነሣ መከራው ጸንቶበት ኖረ፤ ስሙም በሰው አንደበት መነቃቀፊያ ሆነ። ይህ ነቀፌታ ከደዌው ያላነሰ ጉዳት አድርሷል ለማለት እደፍራለሁ፤ ዘመድ እያፈረ በሽተኛውን በጓዳ ይሸሽግ፣ ሲብስበትም በእግር ብረት ያስር ነበርና።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ሮበርት ጊል የተባለ የሆላንድ ሐኪም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ፣ ከባልደረቦቹ ጋር በአጋሮ ከተማ የሚገኙትን ሕሙማን መረመረ፤ አባ ወልደ ተንሣይ የተባሉ ካህን ሕዝብን ያጠምቁበት ወደ ነበረው ወደ ጊዮን ከተማም ወርዶ ያየውን ጻፈ። ሐኪም ወደ ፀበል ስፍራ ሄዶ የሕዝቡን እምነት በአክብሮት መመልከቱ መልካም ሥራ ነበር። ፀበልና መድኃኒት የአንድ ሕመምተኛ ሁለት ረዳቶች ናቸው እንጂ ባላንጣዎች አይደሉም፤ ተጠማቂውን መድኃኒትህን ጣል የሚለውም፣ ታካሚውን ጸሎትህን ተው የሚለውም ሁለቱም ይበድሉታል።

በኋላም፣ በ1979 ዓ.ም.፣ የዚህ ሁሉ ታሪክ መታጠፊያ የሆነው ነገር ተደረገ። በአገሩ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ስለ ነበሩ፣ ሐኪም እስኪበዛ ድረስ ሕዝቡ ይጠብቅ ከማለት ይልቅ፣ ነርሶች በአማኑኤል ለአንድ ዓመት በአእምሮ ሕክምና እየሠለጠኑ ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች እንዲላኩ ሆነ። እነዚያ ነርሶች ስማቸው በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ነገር ግን እልፍ ሕመምተኛ በእነርሱ እጅ ታክሟል። ደሴም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ባገኘች ጊዜ የራያ ሰው መንገድ በብዙ አጠረ። ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በልዩ ሙያ ማስተማር ግን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ረዳትነት ነው።

ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራማሪዎቹ ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 68,378 ሰዎችን መረመሩ። በጽኑ የአእምሮ ደዌ ከተያዙትም ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ዘመናዊ ሕክምና ፈጽሞ አግኝተው የማያውቁ ሆነው ተገኙ። እንዲህ ያለው ነገር በቁጥር ተመዝግቦ በታየ ጊዜ ዝም ማለት አልተቻለም፤ መንግሥትም በ2005 ዓ.ም. የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አውጥቶ ሕክምናው በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ አዘዘ። ቡታጅራ ባለችበት በጉራጌ ምድርም ከየቀበሌው የተመለመሉ ሠልጣኞች ወደ ሕመምተኛው ቤት እየሄዱ መድኃኒቱን እንዲወስድ፣ ከእርሻውና ከዕድሩ እንዲመለስ፣ ቤተሰቡም እንዳይሰላች መከሩ። በ2014 ዓ.ም. ታትሞ የወጣው ጥናትም በጤና ጣቢያ የታከሙት ጽኑ ሕሙማን በሆስፒታል ከልዩ ነርሶች ዘንድ ከታከሙት እንዳላነሱ አስረዳ።

አሁን ወደ ራያ እንመለስ። ይህ ቆላ የ1966ንና የ1977ን ረሀብ ያየ፣ ከአላማጣ በላይ በኮረም የተሰበሰበውን የርሀብተኛ ብዛት በዐይኑ የተመለከተ አገር ነው። የትናንቱም ሐዘን ሳይሽር በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደጋግሞ ገባበት፤ ቆቦ ሰላማዊ ልጆቿን ቀበረች፣ ብዙ ሰውም ቤቱንና ማሽላውን ጥሎ ተሰደደ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ሌሊት እንቅልፍ ያጣውን፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር የሚበረግገውን፣ ልጁን ቀብሮ ከሰው የተለየውን ሰው ግን ፊርማ ብቻ አያድነውም፤ የሚጠይቀው፣ የሚያዳምጠውና የሚያክመው ሰው ያሻዋል።

ስለዚህ የጤና ባለሥልጣኖችን የምንለምነው፣ በጎብዬ፣ በሮቢትና በቆቦ ዙሪያ ባሉት ጤና ጣቢያዎች በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ እንዲመደብና መድኃኒቱ ከመደርደሪያ እንዳይጠፋ ነው፤ አንድ ወር መድኃኒት በመጥፋቱ የአንድ ዓመት ድካም ይፈርሳልና። ካህናቱና ሸኆቹም ወደ ደጃቸው የሚመጣውን ሕመምተኛ ጸልየው ወደ ሐኪም ይላኩት። በጓዳችሁ የታሰረ ወንድም ወይም እኅት ያላችሁ ዘመዶች ሆይ፣ ሰንሰለቱን ፍቱና ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።