የተተኮሰበትን ጠመንጃ በፈላ ውኃ ስለ ማጠብ

ውኃ ብረትን እንደሚያዝግ ልጅም ያውቃል። ሆኖም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ ወታደር ከተኩስ ሲመለስ በጠመንጃው ቱቦ ውስጥ የፈላ ውኃ ያፈስ ነበር። ይህን ያደረገው ዘይት አጥቶ አይደለም፤ የሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ ሰደፍ ውስጡ ተቦርቡሮ የዘይት ብልቃጥና የመወልወያ ገመድ ይቀመጥበት ነበርና። ታዲያ ውኃው ለምን አስፈለገ? የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ልማዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ ተሰውሮ የቆየው እንዴት እንደ ሆነ መመርመር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በጥቁር ባሩድ ዘመን ነገሩ አያከራክርም ነበር። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ወፍራም ጥላሸት ይተዋል፤ ጥላሸቱም በውኃ ስለሚለቅ ተኳሽ ሁሉ ጠመንጃውን ያጥብ ነበር። በአገራችን ውጅግራ የተባለው የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ የዚሁ ወገን ነው። ነገር ግን ቪዬይ የተባለው ፈረንሳዊ በ1884 ጢስ አልባ ባሩድ ሠራ፤ በ1886 ደግሞ የፈረንሳይ ጦር በዚሁ ባሩድ የሚተኩሰውን የለበል ጠመንጃ ያዘ። ሌሎቹም መንግሥታት ወዲያው ተከተሉ። ከዚያ በኋላ የጠመንጃው ውስጥ ከተኩስ በኋላም ንጹሕ መስሎ ይታይ ዠመር። የሚታጠብ እድፍ የለም ብሎ በዘይት ብቻ ወልውሎ ያስቀመጠ ሰው ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ቢያይ ቱቦው ዝጓል። እንደገና ቢወለውለው እንደገና ይዝጋል።

ጥርጣሬው ሁሉ በአዲሱ ባሩድ ላይ ወደቀ። አንዳንዶቹ ባሩዱ አሲድ ይተዋል ብለው አሲድን የሚያበርዱ መወልወያዎችን ቀመሙ። ሌሎቹ ደግሞ ጋዙ በግፊት ወደ ብረቱ ቀዳዳዎች ከገባ በኋላ ቀስ እያለ እንደ ላብ ይወጣል አሉ። ይህ ሁለተኛው አሳብ የሚናቅ አይመስለኝም፤ ዓይን ያየውን በደንብ ይገልጻልና። የሳተው መንሥኤውን ነው።

ጥፋተኛዋ በቀልሃው ግርጌ ያለችው ትንሿ ካፕሱል ነበረች። በውስጧ እሳቱን የሚያስነሣው ቅመም ፖታሲየም ክሎሬት ነበረበት፤ ይህም ኦክሲጅኑን ሰጥቶ ሲያበቃ ፖታሲየም ክሎራይድ፥ ማለት የገበታ ጨው ዘመድ የሆነ ጨው ይሆናል። በጥቁር ባሩድ ጊዜ ይህ ጨው ከብዙ ጥላሸት ጋር ተደባልቆ አብሮ ይታጠብ ነበር። ጢስ አልባው ባሩድ ግን ጨውን በብረቱ ላይ ብቻውን ተወው። ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በዘይት አይሟሟም፤ ስለዚህ ዘይት የተቀባው ቱቦ ከዘይቱ ሥር ይዝጋል። በአሜሪካ የማዕድን ቢሮ ይሠራ የነበረው ዊልበርት ሀፍ በ1922 ያሳተመው ጥናት ይህንኑ ከዘይት በታች የሚደርስ ዝገት መርምሮ ጨውን መንሥኤ አድርጎ አሳየ። ጨውን የሚያሟሟው ውኃ ነው፤ መፍላቱ የሚጠቅመው ብረቱን አግሎ ቱቦው ራሱን እንዲያደርቅ ነው። ዘይት የሚቀባው ከዚያ በኋላ ነው።

ክሎሬት የሌለባቸው ካፕሱሎች በ1920ዎቹ መጨረሻ በጀርመንና በአሜሪካ ለገበያ ቀረቡ። ጦር ሠራዊቶች ግን አልቸኮሉም፤ አሮጌው ካፕሱል በግምጃ ቤት ብዙ ዓመት ተቀምጦ እንደማይከሽፍ ተፈትኖ ነበር፥ አዲሱ ግን ገና ነው። በዚህ ምክንያት አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለኤም 1 ካርባይን ከመነሻው የማያዝግ ጥይት ስትሠራ፥ ለዋነኛው ጠመንጃዋ አሮጌውን እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ይዛ ቆየች። በሶቪየት ኅብረትና በወዳጆቿ አገሮች ደግሞ ከዚያ በኋላም ብዙ ተሠርቷል። የክላሽንኮቭ ቱቦ ውስጡ በክሮም መለበጡ ይረዳል፤ ያልተለበጡትና ጋዝ የሚነካቸው ክፍሎች ግን መታጠብ አለባቸው።

የቀድሞው የአሲድ ግምት እስከ ዛሬ ጨርሶ አልጠፋም። አሁንም በውኃው ላይ አሞኒያ የሚጨምሩ ተኳሾች አሉ፥ ዝገቱን «ያበርዳል» በማለት። ይህ ጨው ግን አሲድ አይደለም፤ አሞኒያው የሚያበርደው ነገር አያገኝም። ሥራውን የሚሠራው አብሮት ያለው ውኃ ነው።