ከስድስት ዓመት በፊት

ዳግማዊ ምኒልክ በ1899 ዓ.ም. ግድም ያስነገሩት የትምህርት አዋጅ፣ ዕድሜው ስድስት ዓመት የሞላ ልጅ ሁሉ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ትምህርት ቤት እንዲገባ የሚያዝ ነበር። ልጁን ሳያስተምር የሞተ ወላጅ ሀብቱ ለልጁ መተላለፉ ቀርቶ ለመንግሥት እንዲሆን የሚል ቅጣትም ታክሎበታል። የንጉሠ ነገሥቱ ስም የተሰጠው ትምህርት ቤት እንኳ ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነውና፣ ትእዛዙ በአገሪቱ ሁሉ ሊፈጸም አልቻለም። እኛን መምህራንን ይልቁን የሚያሳስበን የዕድሜው ልክ ነው። አዋጁ ከስድስት ዓመት ወዲህ ያለውን ጊዜ ያዘ፤ ከዚያ በፊት ያለውን ለቤት ተወው።

ቤቱም በየአቅሙ ይሠራ ነበር። በክርስቲያኑ ደገኛ ዘንድ ልጁ ገና በልጅነቱ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል፤ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከወንጌል ወደ ዳዊት ይሸጋገራል። በሙስሊሙም ዘንድ የቁርአን ትምህርት ቤት ነበረ። ልጁ ዳዊት የደገመ ዕለት ወላጆቹ ይደግሳሉ፤ ለመምህሩም የሚቻላቸውን ያቀርባሉ። ይሁን እንጂ ከእህሉም ከድግሱም የሚበልጥ ወጪ ነበር፤ ይኸውም የልጁ ጉልበት ነው። በገጠር የአምስትና የስድስት ዓመት ሕፃን ጥጃ ጠባቂ ነው። አንዱ ከየኔታ ደጅ ሲውል የእርሱን ድርሻ የሚሸፍን ሌላ ልጅ ይኖራል። ሴቶቹማ፣ ከጥቂት የመኳንንት ቤቶች በቀር፣ ለምርጫው እንኳ አይቀርቡም ነበር። ስለዚህ ስለ ወላጅ ትጋት ስናወሳ፣ ንባብ ያወቀውን ልጅ ብቻ ሳይሆን ከብት ይዞ የቀረውን ወንድሙንና ውሃ የቀዳችለትን እኅቱን ጭምር መቍጠር ይገባናል። ከፋዮቹ እነርሱ ናቸውና።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲስፋፋ፣ ከቄስ ትምህርት ቤት ንባብ ይዞ የመጣው ልጅ ፊደል ካልቆጠረው ጓደኛው ቀድሞ ተገኘ። ይህን ጉብዝና ማለት የተለመደ ነው። እኔ ስሙን አልቀበለውም፤ ቤተሰቡ አስቀድሞ የከፈለለት ነበር እንጂ።

በእኛ ዘመን ነገሩ በቁጥር ተመርምሯል። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ 3,000 ያህል የኢትዮጵያ ልጆችን ሲከታተል ቆይቷል። ከእነዚህም ወደ 2,000 የሚጠጉት ጥናቱ ሲጀመር የአንድ ዓመት ሕፃናት ነበሩ። በሕፃንነታቸው የቀነጨሩት ኋላ በተሰጣቸው የቃላትና የሒሳብ ፈተና ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። ከተሜው ልጅ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ፣ ይህን ዕድል ያገኘው የገጠር ልጅ እጅግ ጥቂት ነበር።

መንግሥት ለእነዚህ የመጀመሪያ ዓመታት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ያወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ከምኒልክ አዋጅ መቶ ዓመት አልፎ። ከዚያ ወዲህ በየመንደሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ዜሮ ክፍል» ተከፍቷል። የሚቀበለውም በአብዛኛው ስድስት ዓመት የሞላውን ልጅ ነው።