ሉድቪግ ላክማን

ሉድቪግ ላክማን (1906–1990 እ.ኤ.አ.) በጆሃንስበርግ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር የነበሩ፣ በካፒታል ንድፈ ሐሳብና በኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ ጥናት የታወቁ የጀርመን ተወላጅ ምሁር ናቸው።

በርሊን ተወልደው በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ከኢኮኖሚስቱ ቨርነር ዞምባርት ተማሩ። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ወደ እንግሊዝ ሄደው በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት በፍሪድሪክ ሃየክ ሥር ጥናታቸውን ቀጠሉ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ወደ ጆሃንስበርግ ተሻግረው በዊትዋተርስራንድ እስከ 1972 አስተማሩ።

ዋና ሥራቸው በ1956 የታተመው የካፒታልን መዋቅር የሚመረምረው መጽሐፍ ነው። በዚህ መጽሐፍ ካፒታልን በአንድ የገንዘብ ድምር የሚገለጽ ወጥ ክምችት አድርጎ የመቁጠርን ልማድ ተቃወሙ። ማሽን፣ መጋዘንና ተሽከርካሪ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ ዋጋ የሚያገኙትም በአንድ ዕቅድ ውስጥ ተደጋግፈው ሲሠሩ ነው። ዕቅዱ ሲከሽፍ ቅንብሩ ይፈርሳል፤ ንብረቱም መጀመሪያ ላልታሰበ አገልግሎት ይውላል። ከመጽሐፉ ሐሳቦች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው።

በ1970 ባወጡት ሥራ የሶሲዮሎጂ ምሁሩን የማክስ ቬበርን ውርስ መርምረው፣ የሰውን ድርጊት ከአድራጊው ዓላማ ተነሥቶ የመረዳት ዘዴውን ለተቋማት ጥናት ተጠቀሙበት።

በ1974 በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት ሳውዝ ሮያልተን በተካሄደው ጉባኤ ከኢኮኖሚስቶቹ ከእስራኤል ኪርዝነርና ከሙሬይ ሮዝባርድ ጋር ትምህርት ሰጡ፤ ጉባኤው ለኦስትሪያው የኢኮኖሚክስ አስተሳሰብ ማንሰራራት መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። ከዚያም በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ በእንግዳ መምህርነት ሠሩ። ኪርዝነር ገበያ ወደ ሚዛን ያዘነብላል ሲሉ፣ ላክማን ግን ሰዎች ስለ ነገ የሚጠብቁት የተለያየ ስለሆነ ለዚህ ዋስትና የለም ብለው ተከራከሩ።