በአፍንጫ የሚሰጥ መድኃኒትና የአፄ ምኒልክ ሕመም

ይህን ንግግር በሬዲዮ ሰምታችሁት ይሆናል። አሁን ደግሞ በጽሑፍ እጃችሁ ገብቷል። ቀስ ብላችሁ ራሳችሁ አንብቡት።

ልጅ ሳለሁ ነው። ሆለታ ካለው ቤታችን ጓሮ ዳማከሴ ነበረ። አንድ ቀን ጧት አያቴ ከመኝታቸው ሲነሡ ወደቁ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ሊናገሩ ቢሞክሩ ምላሳቸው ተሳሰረ። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ምች ነው፤ ቶሎ ዳማከሴ አምጡ!» ተባለ። ሮጬ ቅጠሉን የቀጠፍኩት እኔ ነኝ። ታሽቶ ተጨመቀና በአፍንጫቸው ጠብ ተደረገላቸው። አያቴን ትን አላቸው፤ ትንፋሽ አጠራቸው። «ይለቃቸዋል» እያልን እስከ ማታ ጠበቅን። ሐኪም ቤት የደረሱት በማግሥቱ ነው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ያ እጅ ግን ዳግመኛ ማጭድ አልያዘም።

የአያቴ በሽታ ምች አልነበረም። ሐኪሞች «ስትሮክ» ይሉታል። ስትሮክ የሚመጣው የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ ነው። ደም ያላገኘ የአንጎል ክፍል ይሞታል። ቀኝ እጅን የሚያዘው የግራው አንጎል ስለሆነ፥ ግራው ሲጎዳ ቀኙ እጅ ይሰልላል።

ታዲያ መድኃኒትን በአፍንጫ መስጠት ከየት መጣ? ልማዱ የቆየ ነው። አባቶቻችን የሚጠጣ፥ የሚቀባ፥ የሚታጠንና በአፍንጫ የሚሳብ መድኃኒት ያውቁ ነበር። ዳማከሴን በኦሮምኛ «ቆሪቻ ሚቺ» ይሉታል፤ የምች መድኃኒት ማለት ነው። የሕንድ አገር የባህል ሐኪሞችም በአፍንጫ ዘይት ያንጠባጥባሉ፤ «ናስያ» ይሉታል።

ሐሳቡ መሠረት የሌለው አይደለም። አፍንጫ የአንጎል ጎረቤት ነው። ሽታን የሚያደርሱት ነርቮች ከአፍንጫ ጣሪያ ተነሥተው በቀጥታ ወደ አንጎል ይዘልቃሉ። ስለዚህ ተመራማሪዎች በዚህ በር መድኃኒት ለማስገባት በላቦራቶሪ ይሞክራሉ። ነገር ግን ስትሮክን እንደሚያድን የተረጋገጠ የአፍንጫ መድኃኒት እስካሁን የለም።

አሁን ወደ ታሪክ እንሂድ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክን ታውቋቸዋላችሁ፤ እዚህ ሆለታም ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድል ያደረጉት ንጉሥ፥ ከ10 ዓመት ያህል በኋላ በዚሁ ሕመም ተያዙ። ሕመሙ ደጋገማቸው። ደብረ ሊባኖስ ወርደው ጸበል ተጠመቁ። ከጀርመን አገር ሐኪም መጣላቸው። በግንቦት 1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ወራሻቸው መሆኑን ለሕዝብ አስታወቁ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ግን በጽኑ ተመቱ፤ ሰውነታቸው ሰለለ፥ አንደበታቸው ተዘጋ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ 4 ዓመት ያህል አልጋ ላይ ቆዩ። ንጉሡ ገንዘብም ሐኪምም አልቸገራቸውም። በዚያ ዘመን ግን ስትሮክን የሚያክም መድኃኒት በዓለም ላይ አልነበረም።

ዛሬ አለ። የረጋ ደምን የሚያሟሟ መድኃኒት ስትሮክን እንደሚረዳ በ1988 ዓ.ም. በአሜሪካ ተረጋገጠ። ሆኖም ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። ደም ሥሩ ለፈነዳበት ሰው ደግሞ አደጋ ስለሆነ፥ አስቀድሞ አንጎሉ በሲቲ ስካን መታየት አለበት። ይህ ሁሉ በየሐኪም ቤቱ አይገኝም። ቢሆንም ቶሎ የደረሰ ሕመምተኛ የደም ግፊቱ ይታይለታል፤ ትንፋሹም ይጠበቅለታል።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። የሰው ፊት ባንድ ወገን ቢወርድ፥ አንድ እጁ ቢዝል፥ ንግግሩ ቢኮላተፍ፥ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። በአፉም በአፍንጫውም ምንም አትስጡት፤ ጉሮሮው በደንብ አይውጥምና። ፈሳሹ ወደ ሳንባ ከወረደ ያንቀዋል፤ የሳንባ ምችም ያመጣበታል። በጎኑ አስተኙት። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ። ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ጤነኛ ሳላችሁም የደም ግፊታችሁን ተለኩ፤ ጨው ቀንሱ። ስትሮክን ከሚያመጡት ነገሮች ዋናው የደም ግፊት ነው።

ዳማከሴው ዛሬም ከጓሯችን አለ። ራስ ምታት ሲይዘን እናሸተዋለን። በቅጠሉ አልፈርድበትም። የሚቆጨኝ፥ እሱን ይዘን ስንጠብቅ ያለፈው ያ ቀን ነው። ይህን ያነበባችሁ፥ ማንበብ ላልቻለ ጎረቤታችሁ አንብቡለት።

ጥያቄዎች
1. የስትሮክ ሦስት ምልክቶች ምንድን ናቸው?
2. ለሕመምተኛው በአፍንጫ ፈሳሽ መስጠት ለምን ይጎዳል?
3. አፄ ምኒልክ ያላገኙት፥ ዛሬ ግን ያለው ነገር ምንድን ነው?